የዊራጁሪ ሥዕል ነጠብጣብ የግድ ሊኖረው ይገባል?

ጥያቄ፦ ሲድኒ ውስጥ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ዊራጁሪ ከሚባለው የአውስትራሊያ ነባር (አቦርጂናል) ሕዝብ የሆነች የአንዲት ሰዓሊ ሥራዎች አየሁ። የአቦርጂናል ሥዕል ሲባል እኔ የማውቀው በነጠብጣብ የተሞላውን ነው። የእሷ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሹል ሹል መስመር ነው፣ ያውም ጥቁርና ነጭ ብቻ። ጓደኛዬ «ይሄ ዘመናዊ ዲዛይን እንጂ የአባቶች ነገር አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ ከተማ ተወልዳ ያደገች ሰው የአያቶቿን ምድር እንዴት ትሥላለች?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል። ዓለም ያወቀው በሸራ ላይ የሚሠራው የነጠብጣብ ሥዕል የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1971 ፓፑኒያ ከምትባል የመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ መንደር ነው። ድንቅ ጥበብ ነው፣ ግን የበረሃው ሕዝብ ነው። ዊራጁሪዎች ያሉት ከዚያ በጣም ርቆ፣ ሲድኒ ባለችበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት መሃል ነው። ማኳሪ፣ ላክላንና መረምቢጂ የሚባሉት ሦስት ወንዞች የሚያቋርጡት አገር የእነሱ ነው፤ ማኳሪን እነሱ ዋምቡል ይሉታል።

ያዩት መስመር የመጣው ከዛፍ ነው። ድሮ አንድ የተከበረ ሰው ሲሞት መቃብሩ አጠገብ ያለ ዛፍ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ ልክ እርስዎ ያዩት ዓይነት ድርብርብ መስመር በመጥረቢያ ይቀረጻል። ሞሎንግ ከተማ አቅራቢያ የዩራኒ መቃብር አለ። ዩራኒ በ1840ዎቹ ቶማስ ሚቼል የተባለውን ቀያሽ ወደ ሰሜን የመራ ዊራጁሪ ነው። ሲሞት ወገኖቹ በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ቀረጹለት፣ በኋላ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የመቃብር ድንጋይ ቆመለት። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበት ቦታ ስለሆነ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄንን ነው።

እንዲህ ያሉ ዛፎች ብዙዎቹ ለእርሻ ተመነጠሩ፣ ሌሎቹ ተቆርጠው ሙዚየም ገቡ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ዊራጁሪ ሰዓሊ ያንን መስመር ሸራ ላይ ሲያወጣው ከመቃብሩ የተነጠለውን ምልክት እየመለሰ ነው። በ2020 የሲድኒ ቢናሌ የተባለውን በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርዒት በጥበብ ዳይሬክተርነት የመራው ዊራጁሪው ብሩክ አንድሩ በዚሁ ንድፍ ይታወቃል። ሁሉም ግን በመስመር አይሠራም። ካውራ ከተማ አጠገብ ኤራምቢ ሚሽን በሚባል የአቦርጂናሎች ሰፈር የተወለደው ኤች. ጄ. ዌጅ በደማቅ ቀለም ሰዎችንና መናፍስትን፣ በሕዝቡ ላይ የደረሰውንም ግፍ ሥሏል። እሱም ዊራጁሪ ነው፣ ያም የዊራጁሪ ሥዕል ነው።

ስለ ከተማው ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርዎ፣ ይሄ ጥያቄ ያመኛል። ብዙዎቹ መሬታቸውን ወደው አልለቀቁም። እዚያው ዊራጁሪ ምድር ላይ ኩታመንድራ ውስጥ መንግሥት ከእናቶቻቸው ነጥቆ ያመጣቸው የአቦርጂናል ልጃገረዶች የሚያድጉበት ቤት ነበር። ከ1910ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ሠርቷል፤ ልጆቹ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከልክለው ለሰው ቤት ሥራ ይሰለጥኑ ነበር። ከዚያ የወጣች ሴት የልጅ ልጅ ሲድኒ ብትወለድ ምን ይገርማል? ዝምድናው ግን አልተቋረጠም። ለእነሱ ምድሩ ዘመድ ነው፣ ወንዙም፣ ጎዋና የሚሉት ትልቁ እንሽላሊትም እንደዚያው። ሰው የሚጠየቀው ከየት ሰፈር መጣህ ተብሎ ሳይሆን የእነማን ወገን ነህ ተብሎ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዓሊዎች ወደ አያቶቻቸው አገር ይሄዳሉ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ወንዝ ዳር ይውላሉ፣ የትኛውን ታሪክ መሣል እንደሚችሉና የትኛውን እንደማይችሉ ይጠይቃሉ። ፈቃድ ያልተገኘለት ታሪክ አይሣልም፣ በቃ።

ሥዕሉን ሊገዙ ካሰቡ የሰዓሊዋ ስምና ወገኗ በጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ ሁለቱንም የማይነግርዎትን ሻጭ ይተውት። ራሷን ካገኟት ደግሞ ስለ ነጠብጣብ አይጠይቋት። ወገኖቿ የየትኛው ወንዝ ሰዎች እንደሆኑ ይጠይቋት።