ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣ ድባቴ

እህቴ፣ «እናቴ ሃርት አታክ ከያዛት ወዲህ ከአልጋ መነሳት ጠላች፣ መድኃኒቷንም ትዘላለች። ድባቴ ይሆን? ልቧንስ ይጎዳዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ አዎ፣ ልብንም ይጎዳል። አባቴን አስታምሜ ያየሁትን ልንገርሽ።

አባቴ አላለቀሰም፣ ከፋኝም አላለም። ቃሉ «ደከመኝ» ብቻ ነበር። ሬዲዮ መስማት ተወ። ሌሊት ነቅቶ፣ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ የልብ ምቱን ይቆጥራል። አንድ ቀን የአስፕሪኑን ማሸጊያ ገልብጬ ሳየው የሐሙሱም የዓርቡም ክኒን እንዳለ ነው።

ጠያቂው ሁሉ «ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው እንዴት አይከፋው፣ ያልፍለታል» ይላል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የመጀመሪያ ቀናት መከፋት ያለ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሕመም ነው። ሃርት አታክ ከያዛቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱን ያህል ከባድ ድባቴ ያገኘዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ ድባቴ ከሃርት አታክ በኋላ ለሞት የሚያጋልጥ ነገር ሆኖ እንዲቆጠር ባለሙያዎቹ መክረዋል።

ምክንያቱ መድኃኒት መዝለሉና እንቅስቃሴ ማቆሙ ብቻ አይደለም። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው የጭንቀት ሆርሞኖቹ ከፍ ይላሉ፣ ደሙ በቀላሉ ይረጋል፣ የደም ሥሮቹ ይቆጣሉ። ለተጎዳ ልብ ይህ ትልቅ ሸክም ነው።

ስለዚህ ለልብ ሐኪሟ ራስሽ ንገሪው። በአጭር ቀጠሮ ላይ ታካሚው «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል። የእኛ ሐኪም መጀመሪያ ድካሙ ከልቡ ወይም ከደም ማነስ እንዳልሆነ አጣራ። ከዚያ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልህ የነበረውን ነገር ጠልተሃል? ተስፋ መቁረጥስ ይሰማሃል?» አለው። አባቴ መልስ ሳይሰጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ሰርትራሊን ታዘዘለት፤ የልብ ሕመምተኞች ላይ በደንብ የተጠና የድባቴ መድኃኒት ነው። ከምክር አገልግሎትና በሐኪም ፈቃድ ከተጀመረ የእግር ጉዞ ጋር ቀስ እያለ ተሻለው። ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ «አልሠራም» ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ከሌላ ሰው የተረፈ የድባቴ ክኒን ግን በጭራሽ አትስጫት። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ሰርትራሊንም ቢሆን ከአስፕሪን ጋር የመድማት አደጋን ስለሚጨምር፣ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሟ አሳዪው።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለችሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻዋን ሳትተያት በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።