የቡድን መሪዎች ሥልጠና ለምን አይዘልቅም? ጥያቄና መልስ

ከአሥር ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በፋብሪካዎች፣ በባንኮችና በሆቴሎች የቡድን መሪዎችን ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ስለ አመራርና ራስን ስለ ማብቃት ሥልጠና የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ባልሁት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬአቸዋለሁ፤ የድርጅት ስም የተጠቀሰባቸውንም ስሙን አውጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስምንት ሠራተኞቼ ቢሾፍቱ በሚገኝ ሆቴል ለሦስት ቀናት የአመራር ሥልጠና ወስደው፣ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው በደስታ ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሁሉም ወደ ቀድሞ አሠራሩ ገባ። ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው?

መልስ፦ አሠልጣኙን ስለማላውቀው ልፈርድበት አልችልም። ይሁን እንጂ እኔ እስካየሁት ድረስ ችግሩ በአብዛኛው የሚገኘው በሦስቱ የሥልጠና ቀናት ውስጥ ሳይሆን ከእነርሱ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ምን ለይተው እንዲማሩ እንደሚፈልጉ ነግረዋቸው ነበር? በተመለሱበት ሰኞስ ምን ጠየቋቸው? «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሥራ ተከምሮ ይጠብቃችኋል» ከሆነ ያሏቸው፣ ሥልጠናው ያበቃው በዚያች ሰዓት ነው።

የመርሳትን ነገር ቀድሞ በሙከራ ያጠናው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ሲሆን፣ ራሱን መፈተሻ አድርጎ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ያልተደገመ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እየጠፋ እንደሚሄድ፣ በተለያዩ ቀናት እየተከፋፈለ የሚደገም ነገር ግን እንደሚቆይ ያሳየው ያኔ ነው። ከዚህ ጥናት ተነሥተው «ሠልጣኝ በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል በመቶ ይረሳል» የሚሉትን አልቀበላቸውም፤ እርሱ ያጠናው ትርጉም የለሽ ቃላትን እንጂ የሰው አያያዝን አይደለምና። ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል፦ ሦስቱን ቀን በአንድ ጊዜ ከማድረግ፣ ስድስት ግማሽ ቀን አድርጎ በሦስት ወር ውስጥ ማከፋፈል ይሻላል። በየመካከሉም ሠልጣኙ አንድ ነገር ብቻ በሥራው ላይ እንዲሞክር ይደረግ። ለምሳሌ በቅርንጫፍዎ በር ከመከፈቱ በፊት የሚደረገውን የጠዋት አጭር ስብሰባ ስምንቱም በተራ እንዲመሩት ያድርጉ፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ተቀምጠው «ምን ሞከርህ? የት ላይ ከበደህ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ቢሾፍቱም አንድ ነገር ልበል። ሐይቅ ዳር መቀመጥና ውሎ አበል ማግኘት ሠራተኛን ያስደስታል፤ ክፋት የለውም። ሆኖም ዕረፍት ከሆነ ዕረፍት ተብሎ ይሰጥ እንጂ ከሥልጠና በጀት አይቆረጥ።

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ሥልጠና ውጤት ማምጣቱን በምን እንለካ? እኛ እስካሁን በመጨረሻው ቀን መጠይቅ እናስሞላለን።

መልስ፦ መጠይቁ የሚነግራችሁ ምሳው ጥሩ እንደነበረና አሠልጣኙ ተጫዋች እንደሆነ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ያደረገው አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ በሥራው ላይ ጠባዩን ለወጠ ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አተረፈ የሚሉ አራት ደረጃዎች አሉት። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም፤ ምክንያቱም ቀላሉ እርሱ ነው።

ምክሬ ከአራተኛው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ እንድትመጡ ነው። ሥልጠናው ሳይጀመር ድርጅቱ አስቀድሞ ከሚመዘግባቸው ቁጥሮች አንዱን ምረጡ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከሆነ ከመስመሩ መጨረሻ ለዳግም ስፌት የሚመለሰው ልብስ ብዛት ወይም በሳምንት የሚቀሩ ሠራተኞች ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታል ከሆነ ተረኛ ሲቀያየር ሳይተላለፍ የሚቀር መረጃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ «ይህ ቁጥር እንዲቀንስ ቡድን መሪው ነገ ከዛሬ የተለየ ምን ማድረግ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልተገኘ ሥልጠና አያስፈልጋችሁም ማለት ነው፤ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ማሽን ወይም ተጨማሪ ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሥልጠና ላይ «ግብረ መልስ ስጡ፣ ተቀበሉ» እንባላለን። እኛ ቢሮ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ወሬው ሁሉ ሻይ ቤት ነው። ይህ ባህላችን ከሆነ ሥልጠና ይለውጠዋል?

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

በእኔ ግምት ዝምታው ሁለት የተለያዩ ምንጮች አሉት፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ፊት ለፊት «ሪፖርትህ ዘግይቷል» ብለው ያፍርብኛል፤ ነገ በለቅሶና በሠርግ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ያቆመልን ጠባይ ስለሆነ ከሰው ላይ ልንነቅለው አይገባም፤ መንገዱን ማወቅ ብቻ ነው። ሰውን ለብቻው መጥራት፣ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ አንድ የታወቀ ሥራ መናገር፣ «ምን ገጥሞህ ነው?» ብሎ ከጥያቄ መጀመር ከይሉኝታ ጋር አይጣሉም። ሽማግሌዎቻችን ሰው ሲያስታርቁ የሚያደርጉትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ታሪክ አለው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግምገማ የሚባለው ስብሰባ፣ ሂስና ግለ ሂስ እየተባለ ሰው በሰው ላይ የሚነሣበት፣ የተናገረው ነገር ተመዝግቦ ለዕድገት መከልከያ የሚውልበት መድረክ ሆኖ ስለቆየ፣ አሠልጣኝ «ግብረ መልስ» ሲል የሠልጣኙ ጆሮ የሚሰማው «ግምገማ» ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከሚለው ብሂል ጋር ሲደመር ዝምታው ሞኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ይሆናል። ስለዚህ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ልዩነታቸውን ሠልጣኞቹ ራሳቸው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ «ግምገማ ስለ ትናንት ይጠይቃል፤ ይኸኛው ስለ ነገ» አሉኝ፤ ከዚያ የተሻለ አባባል እስካሁን አላገኘሁም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል ቡድኖች ላይ ያደረገችው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የተሻሉ ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ጥቂት ስሕተት ይሠራሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ መዝገቡ ግን በተቃራኒው የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስሕተት እንዳለባቸው አሳያት። ነገሩን ስትመረምረው የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ መሆኑን ተረዳች፤ በዚህ ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ሥራ በቡድን ውስጥ ያለ ፍርሃት መናገር ለመማር ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አሳይቷል። ቢሮዎ ውስጥ ምንም ስሕተት የማይመዘገብ ከሆነ አይደሰቱ።

ሥልጠና ይለውጠዋል ወይ ላሉኝ፣ ሥልጠና ብቻውን አይለውጠውም። የሚለውጠው የመጀመሪያው እውነተኛ ንግግር ዕጣ ፈንታ ነው። አንድ ሠራተኛ ደፍሮ «ይህ አሠራር አያስኬድም» ባለ ማግሥት ኃላፊው የሚያደርገውን ሁሉም ሰው ያያል። ካመሰገነና ከተነገረው ውስጥ አንዷን እንኳ ካስተካከለ ሁለተኛው ሰው ይናገራል፤ ከተቆጣ ግን ወሬው ወደ ሻይ ቤቱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አሠልጣኛችን በስላይድ ላይ «ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ ያስታውሳል» የሚል ፒራሚድ አሳየን። በተጨማሪም ከመልእክታችን 7 በመቶው ብቻ በቃል ይተላለፋል አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ ፒራሚዱ እውነተኛ ጥናት የለውም፤ የቁጥሮቹ ሁሉ ድፍን መሆን ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባ ነበር። ሁለተኛው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው፤ እርሱ ያጠናው ግን ቃልና የድምፅ ቅላጼ ወይም ገጽታ ሲቃረኑ ሰው ስሜትን ከየትኛው እንደሚረዳ ነው። ስለ በጀት ዕቅድ ገለጻ የሚያወራ ጥናት አይደለም።

ጥያቄ፦ የሠራተኞችን ስብዕና በ16 ዓይነት የሚከፍለውን ፈተና ለቅጥር ብንጠቀምበትስ?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ለቅጥር መጠቀም ተገቢ አይደለም ይላሉ፤ ብዙ ሰዎችም ከሳምንታት በኋላ ሲደግሙት ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። ለመተዋወቂያ ጨዋታ ግን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ምርጥ ቴክኒሻናችንን ቡድን መሪ አደረግነው። አሁን ምርጥ ቴክኒሻንም ጥሩ መሪም የለንም። ማሠልጠን ያድነዋል?

መልስ፦ ይህ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ የሽያጭ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ምርጥ ሻጮች ወደ ኃላፊነት የመውጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን፣ ከወጡ በኋላ ግን የሚመሩት ቡድን ሽያጭ የሚቀንስበት ሁኔታ መኖሩን አሳይቷል። ሥራን መሥራትና ሥራን ማሠራት ሁለት ሙያ ናቸው።

ሰውየውን ራሱን ጠይቁት። እኛ ዘንድ ደመወዝ የሚጨምረው ወንበር ሲቀየር ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ጥሩ ባለሙያ መሪነትን የሚቀበለው ወዶት ሳይሆን ልጆች ስላሉት ነው። «ከፍተኛ ቴክኒሻን» የሚባል ያው ደመወዝ ያለው ደረጃ ብትፈጥሩለት፣ ነገ ተመልሶ ማሽኑ ጋ ለመሄድ ደስ ይለው ይሆናል። መሪ ሆኖ መቀጠል የሚፈልግ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሥራ ማከፋፈልን ይማር፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚወድቁት «ከማስረዳት እኔው ብሠራው ይፈጥናል» በሚለው ሐሳብ ነው።

ጥያቄ፦ በዱባይ የሆቴል ክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ቡድኔ ውስጥ ፊሊፒናውያን፣ ኔፓላውያን፣ ኬንያውያንና ኢትዮጵያውያን አሉ። እንግሊዝኛችን እኩል አይደለም። እንዴት ላሠልጥናቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእርስዎ ከሁሉ የሚጠቅመው አሮጌ ዘዴ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ወንዶቹ ወደ ጦር ግንባር ስለሄዱ ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ ሰዎችን በፍጥነት ማሠልጠን ነበረባት፤ ለዚህም ለቅርብ ተቆጣጣሪዎች በአምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አሥር ሰዓት የሚሰጥ ኮርስ ተዘጋጀ። አሠራሩ አራት እርምጃ ነበረው፦ ሠራተኛውን ማዘጋጀትና ማረጋጋት፣ ሥራውን እያሳዩ ቁልፍ ነጥቦቹን ከነምክንያታቸው መንገር፣ ሠራተኛው ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳ ማድረግ፣ በመጨረሻም ብቻውን ትቶ በየጊዜው መከታተል። መፈክራቸው «ሠራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም» የሚል ነበር።

እርስዎ አልጋ አነጣጠፍን ሲያሳዩ «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ በየትኛውም አገር የሚሰጠው መልስ «አዎ» ነው። «አሁን አንቺ አሳዪኝ» ይበሉ። ቋንቋ የጎደለውን እጅ ይሞላዋል።

ይህ ዘዴ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ፣ በኋላ ካይዘን የተባለው፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል አሠራር ከተገነባባቸው መሠረቶች አንዱ ሆኗል። ያንኑ ካይዘን እኛ ከጃፓን ተቀብለን፣ ወደ 30 በሚሆኑ ፋብሪካዎች ላይ ሞክረን በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቋምንለት። «አምስቱ ማዎች» (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) ተብለው በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ውስጥ የመጨረሻው «ማዝለቅ» ነው፤ በየሄድሁበት የወረቀቱ ጥግ ተቀዶ የማየው ይህኛው መሆኑ ያስቀኛል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን የአመራር ሥልጠናውን እሑድ እሑድ አድርጎታል፤ የሚከፈል ነገር የለም። ተገቢ ነው?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ ባልሆንም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓትም በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በሁለት ተባዝቶ እንደሚከፈል ይናገራል። በትእዛዝ የሚገኙበት ሥልጠና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍያው ቢቀር እንኳ፣ ሰውን ከቤተ ክርስቲያንና ከልጆቹ ነጥቆ «ሠራተኛን ስለ ማክበር» ማስተማር የትም አያደርስም።

ጥያቄ፦ 12 ሠራተኞች ያሉን ትንሽ ድርጅት ነን፤ አሠልጣኝ ለመቅጠር አቅም የለንም።

መልስ፦ አያስፈልጋችሁም። በወር አንድ ቀን አንድ ሰዓት መድቡ፣ በወሩ ውስጥ የተበላሸ አንድ ሥራ አንሡ፣ የተበላሸበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራችሁ ተርኩት፤ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከልክሉ።

ጥያቄ፦ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ለቡድን መሪዎች ሥልጠና ያዝዛሉ፤ እርሳቸው ግን ከመክፈቻ ንግግሩ በኋላ ይወጣሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሦስቱን ቀን ሙሉ ይቀመጡ ብዬ አልጠይቅም፤ ብጠይቅም አይሆንልኝም። ጊዜውን ግን አገላብጠዋለሁ፤ በመክፈቻው ፈንታ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት መጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ ቡድን መሪዎቹ ለሥራቸው የሚያስፈልጓቸውን ሦስት ነገሮች ሲያቀርቡ እንዲሰሙ፣ በተወሰነ ቀንም ቢያንስ ለአንዱ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብለው በጽሑፍ እንዲመልሱ በውሉ ላይ አስገባለሁ። «አይሆንም» የሚለው መልስ ምክንያቱ ከተነገረ እምብዛም አያስከፋም፤ የሚያስከፋው መልስ ማጣት ነው። በዚህ ያልተስማሙ ሁለት ድርጅቶች ገጥመውኝ ሥራውን ትቼዋለሁ፤ ከሁለቱ አንደኛው ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «ያ ግማሽ ሰዓት አርባ አምስት ደቂቃ ቢሆንስ?» አለኝ።