የቡቺ ሰባት ቤት

የእንስሳት ሐኪሟ ለአንባቢዎች ጥያቄ ትመልሳለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አምና ከመጠለያ ውሻ አምጥተናል፤ ስሟ ቡቺ ነው። ጥቁር ናት፣ ጆሮዋ የወደቀ፣ ደረቷ ላይ ነጭ አላት። ወረቀቷ ላይ «ላብራዶር ክልስ» ይላል። የ12 ዓመቷ ልጄ ለልደቷ የፈለገችው የቡቺን የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ባለቤቴ «የሰው ዘር ቆጠራ ያመጣብን መከራ አልበቃ ብሎ ደግሞ የውሻ?» እያለ ይስቅባታል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጎረቤቴ ባየቻት ቁጥር «ይቺ ፒትቡል አለባት» ትላለች። አፓርታማችን ደግሞ ፒትቡል አይቀበልም። ብናስመረምራት በገዛ እጃችን ጣጣ እናመጣ ይሆን?
የቡቺ እናት

መልስ፦ የቡቺ እናት፣ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አሳቀኝ። እኔም ቤት ይኸው ክርክር ነበር።

የኔዋ ዳማ ትባላለች። ከመጠለያ ስትመጣ «ጀርመን ሼፐርድ ክልስ» ተብላ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ፣ እዚህም ስንት ዓመት ውሻ አክሜ፣ አይቼ አመንኩ። ጆሮዋ ቀጥ ያለ፣ ጀርባዋ ጠቆር ያለ፤ ሌላ ምን ትሆናለች? ውጤቱ ሲመጣ ቻው ቻው፣ ሃስኪ፣ ቦክሰር፣ ትንሽ ቺዋዋ። ሼፐርድ 4 በመቶ። ቺዋዋውን የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው።

በዓይን መገመት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 20 ክልስ ውሾችን ወስዶ፣ የመጠለያዎቹን ግምት ከዲኤንኤ ውጤት ጋር አስተያይቶ ነበር። በአብዛኞቹ አልገጠመም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የውሻን መልክ የሚወስኑት ጥቂት ጂኖች ናቸው። ጥቁር ቀለም ብዙውን ጊዜ ሌላውን ይጫነዋል፤ አጭር ፀጉርም ረጅሙን ይጫነዋል። ሦስት አራት ዘር ተደባልቆ የሚወለደው ቡችላ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ፀጉረ አጭር የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥቁር፣ ፀጉረ አጭር፣ ጆሮው የወደቀ ውሻ ሁሉ ደግሞ «ላብራዶር ክልስ» ይባላል። ቡቺ ላብራዶር ልትሆን ትችላለች። አያቷ ላብራዶር አይተው ላያውቁም ይችላሉ።

ላቦራቶሪው መልኳን አያይም። ከምራቋ ዲኤንኤ አውጥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ያነባል፤ አንዳንዱ ድርጅት ከ200,000 በላይ። ከዚያ ዘራቸው ከታወቀ ውሾች መዝገብ ጋር ያስተያያል። እንግዲህ ውጤቱ የመዝገቡን ያህል ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ዘር ከሆነ፣ ቅርብ ዘመዱ ተብሎ ይወጣል። ሁለት ድርጅት ቢልኩ መቶኛው የሚለያየውም ለዚህ ነው።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ምርመራው ያን ያህል አይርቅም። አንድ ቅድመ አያት በአማካይ የሚያወርሰው 12.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው 6 በመቶ አካባቢ፤ ሰባተኛው ቤት ጋ ከ1 በመቶ በታች ይገባል። ስለዚህ ከ5 በመቶ በታች የተጻፈውን ለልጅሽ ለጨዋታ ተዪላት። የዳማን 4 በመቶ ሼፐርድ እኔም አላምነውም።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ፒትቡል የአንድ ዘር ስም አይደለም፣ የጥቅል መጠሪያ ነው። ውጤቱ ላይ የሚመጣው «አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየር» ወይም «አሜሪካን ፒትቡል ቴሪየር» ተብሎ ነው። በአሜሪካ መጠለያ ውሾች ላይ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ ትንሽ ቢወጣባት አትደንግጪ። ጎረቤታችሁ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በ1990ዎቹ ፒትቡልን የሚከለክል ሕግ እስከማውጣት ደርሷል፤ እናንተ ያላችሁት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የእናንተ ጉዳይ የኪራይ ውሉ ነው። ምርመራውን ከማዘዝሽ በፊት አውጥተሽ አንብቢው። ክልስንም ይጨምራል? ወይስ ንጹሕ ዘር ብቻ? ውጤቱን ድርጅቱ ለአከራይ አይልክም። ግን አንዴ ካወቅሽ በኋላ ሲጠይቁሽ ዋሺ አልልሽም። ውሉ ጥብቅ ከሆነና መልሱን መሸከም ካልቻላችሁ፣ ለልደቷ ጫማ ብትገዙላት ይሻላል።

ጎረቤትሽን ግን ይህን በያት፦ በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ የሆኑ ውሾችን ባለቤቶች ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሆኑ ውሾችን ዲኤንኤ አንብቦ ነበር። በውሾች ጠባይ መካከል ካለው ልዩነት ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቡቺ ትናከሳለች? አትናከስም? ያንን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ላቦራቶሪ የለም።

ገንዘቡን እኔ የማወጣው ለጤናው ክፍል ነው። ዘር ብቻ የሚያሳየው ወደ 100 ዶላር ነው፤ ጤና ሲጨመርበት ከ150 እስከ 200። ኤምዲአር1 የሚባል ጂን አለ። ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ላይ ሲበላሽ በብዛት ይታያል። ይህ ያለበት ውሻ ለእከክ የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን አይቨርሜክቲን አይችልም፤ አንጎሉ ውስጥ ገብቶ ይጥለዋል። ለልብ ትል መከላከያ የሚሰጠው ትንሽ መጠን ግን አይጎዳውም። የተቅማጥ መድኃኒቱ ኢሞዲየምም አደገኛ ነው። አበሻ ቤት ደግሞ ውሻው ሲያስቀምጠው የሰው መድኃኒት መስጠት እንወዳለን። እባካችሁ ተዉ።

ናሙናው ቀላል ነው። የጉንጯን ውስጥ በብሩሹ አሽታችሁ፣ አድርቃችሁ በፖስታ መላክ ነው። ከምግብ በኋላ ወዲያው አታድርጉት። ከሌላ ውሻ ጋር ውኃ ጠጥታ ከሆነም ትንሽ ቆዩ። ልጅሽ ታሽት፤ ስጦታው የሷ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነኝ። «ግማሽ ጀርመን ሼፐርድ» ተብሎ የተሸጠልኝ ውሻ ጆሮው አልቆም አለ። አሜሪካ ያለው ልጄ ናሙናውን ወስዶ ቢያስመረምር ያዋጣል?
አባ መላ

መልስ፦ አባቴ፣ ለዚህ ጥያቄ ምርመራው ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጥዎታል። አንዱ ወላጁ ሼፐርድ ከሆነ ውጤቱ ላይ 50 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ካልመጣ «የመንደር ውሻ» የሚል ሊያነቡ ይችላሉ። እንዳይናደዱ፤ ስድብ አይደለም። የዘር ድብልቅ ነው ማለትም አይደለም። ዛሬ በስም የምናውቃቸው የፈረንጅ ዘሮች አብዛኞቹ በ19ኛው መቶ ዘመን ተመርጠው የወጡ ናቸው፤ የመንደር ውሻ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ስለ ጆሮው፣ ጥርስ ሲቀይሩ ጆሯቸው ወጣ ገባ ይላል። ስድስት ወር ካልሞላው ትንሽ ይታገሱት።

የእብድ ውሻ ክትባቱን ወስዷል? ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉልኝም።