አማቴ የአሳማ አንጀት ያቀርቡልኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አትላንታ ነው። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ተጠምቆ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተናል። እናቱ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቤተሰቡን ሰብስበው ቺትሊንስ የሚባለውን የአሳማ አንጀት ይሠራሉ። አልበላም ስል «ምግባችንን ተጸየፈችው» ብለው ይከፋቸዋል። አምና ይሉኝታ ይዞኝ ቀመስኩ። ከዚያ ወዲህ ለመቁረብ ፈራሁ። ዘንድሮ ደግሞ «ነይና አብረን እንጠበው» ብለውኛል። እጄ ይረክስ ይሆን? የስምንት ወር ሕፃንም አለኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ አንቺን ያስጨነቀሽ አሳማው ነው። እኔን ግን መጀመሪያ ያሳሰበኝ ቀኑ ነው። የፈረንጆች አዲስ ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው። ስለዚህ አማትሽ ዶሮ ወጥ ቢያቀርቡልሽም መልሴ ያው ነበር። ቺትሊንስ በብዛት የሚሠራባቸው ሌሎቹ በዓላትም፣ የእነሱ ገናና አብዛኛውን ጊዜ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና ቀን፣ እዚሁ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ «አሳማ በላሁ» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። ጾም መሻርሽንም ንገሪያቸው።

አሁን ወደ አሳማው እንምጣ። አሳማ ሰኮናው ቢሰነጠቅም ስለማያመሰኳ ለእስራኤል ርኩስ ተብሏል (ዘሌ. 11፥7)። ሐዋርያት ግን ከአሕዛብ ላመኑት ሲጽፉ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ራቁ አሉ እንጂ አሳማን አልጠቀሱም (ሐዋ. 15፥29)። ታዲያ እኛ ለምን አንበላም? ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ስለሆነ ነው። «ኦሪትን ትጠብቃላችሁ» መባል የጀመርነውም ዛሬ አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1555 ለዚሁ ክስ መልስ የሚሆን የእምነት መግለጫ ጽፈዋል። አሳማን የምንተወው እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ለመጠበቅ አይደለም ይላሉ። የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ብለው የሮሜን መልእክት ይጠቅሳሉ። ልከኛ መልስ ነው። ዛሬ ፌስቡክ ላይ አሳማ የበላውን ሁሉ ገሃነም የሚያወርዱ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አትብዪ። አፍንጫሽን ግን አትያዢባቸው።

አማትሽ የሚከፋቸው በከንቱ አይደለም። በባርነት ዘመን በአሜሪካ ደቡብ አሳማ የሚታረደው ብርድ ሲገባ ነበር። ታፋውና ጥሩ ጥሩው ሥጋ ለጌታው ይሄዳል። ለባሮቹ የሚደርሳቸው አንጀቱ፣ እግሩ፣ ጆሮው ነበር። አንጀት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ ወዲያው አጥቦ መቀቀል ነው። ባርነት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 በሕግ ቀረ፤ ምግቡ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየወረደ የበዓል ምግብ ሆነ። ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። ስቡና ቆሻሻው በጣት እየተለቀመ፣ ውኃው እየተቀየረ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ በሽንኩርትና በኮምጣጤ ለሰዓታት ይቀቀላል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ መስኮት ይከፈታል። ሲቀርብ ሆት ሶስ ይጨመርበታል። ጨጓራ አጥበን ዱለት የምንበላ ሰዎች ይህን በምን አፋችን እንጸየፋለን?

ማጠቡ እጅሽን አያረክሰውም። የሚያሳስበኝ ሕፃኑ ነው። ጥሬ የአሳማ አንጀት የርሲኒያ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 መጨረሻ እዚያው አትላንታ ውስጥ ቤት ውስጥ ቺትሊንስ ሲዘጋጅ ሕፃናት በዚህ ታመዋል። ብዙዎቹ አንጀቱን በእጃቸው አልነኩም፤ በሽታው የደረሰባቸው ከአዘጋጁት ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ ጡጦ የሚይዝና ሕፃን የሚያቅፍ ሰው እጥበቱን ለሌላ ቢተው ይሻላል። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ አያት ናቸው፣ ይገባቸዋል። ለሚያጥቡትም ሰዎች የጤና ባለሙያዎች ምክር አላቸው፦ ከማጽዳታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አፍሉት ይላሉ።

ከግብዣው ግን አትቅሪ፤ ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። በዚያ ቀን ብላክ አይድ ፒስ የሚሉት ጥራጥሬና ኮላርድ ግሪንስ ገበታው ላይ አይጠፋም። ኮላርድ ማለት አሜሪካ ያለነው ሐበሾች ጎመን የምንሠራበት ቅጠል ነው። እነሱ ብዙ ጊዜ ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ስለሚያበስሉት ዝም ብለሽ አትጭለፊ። የራስሽን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሠርተሽ ለሁሉም የሚበቃ ይዘሽ ሂጂ። እውነቱን ደግሞ አስቀድመሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ በዕለቱ ዘመድ ሁሉ ፊት አይሁን። «እማማ፣ ጾም ላይ ነኝ። ጾም ባይሆንም እኛ ቤት አሳማ አይበላም። እርስዎን ንቄ አይደለም» በያቸው።

ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ፣ ዓመት ሙሉ መራቅሽ ከቀመስሽው ይልቅ አሳዝኖኛል። እስከ በዓል አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ንስሐ አባትሽን አግኚያቸው፤ የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽመሽ ሲፈቅዱልሽ ቁረቢ።

ስለ ባለቤትሽ አልጠየቅሽኝም። ልጃቸው ነው፣ አሳማ እየበላ አድጓል። የእሱን ጾም እሱና ንስሐ አባቱ ይነጋገሩበት፤ እናቱ ገበታ ላይ አንቺ እንዳትገሥጪው።