ደራሲው እኩል እንካፈል ላለሽ ተራኪ

ከቲያትር ጥበባት ዘንድሮ መመረቅሽን ጽፈሽልኛል። አንድ ደራሲ 300 ገጽ ልቦለዱን የሚደመጥ መጽሐፍ እንዲሆን ተርኪልኝ ብሎሻል፤ ክፍያው ግን «ሲሸጥ እኩል እንካፈላለን» ነው። ልፈርም ወይ አልሽ።

እንዲሁ እንዳለ አትፈርሚ። መጀመሪያ ሥራውን በሰዓት ለኪው። 30 ገጽ ጮክ ብለሽ፣ በትረካ ፍጥነት አንብቢና የፈጀውን ደቂቃ በ10 አባዢው። 10 ሰዓት ወጣ እንበል። ይህ አድማጩ የሚሰማው ብቻ ነው፤ አንቺ ስትሳሳቺ ትደግሚያለሽ፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ትቆሚያለሽ፣ ኤዲቲንጉም አንቺ ላይ ከወደቀ ኮሽታውን እያጸዳሽ ለአንዱ ሰዓት አራት አምስት ሰዓት ይሄድብሻል። 50 ሰዓት በነጻ መሥራት ትችያለሽ? የቤት ኪራይሽን አስቢ።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ተስተካክሎ ላለቀው ለእያንዳንዱ ሰዓት መክፈል ነው። የሚደመጡ መጻሕፍት የሚሸጠው የኦዲብል ድረ ገጽ በሆነው ኤሲኤክስ ላይ ደራሲና ተራኪ በዚህ ይዋዋላሉ፣ ወይ ገቢውን እኩል ይካፈላሉ፣ ወይ ሁለቱን ያቀላቅላሉ። (ልመዝገብ ወይ ላልሽው፣ ከአዲስ አበባ አይሆንም፤ የሚቀበለው አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝና አየርላንድ ያሉትን ነው።) አንቺም ቅልቅሉን ጠይቂ። ላለቀ ሰዓት ትንሽም ብትሆን ቁርጥ ክፍያ፣ ከዚያ ድርሻ።

ደግሞ እኩል ከምኑ? አፕ ላይ በነጠላ ከተሸጠ አፑ የራሱን ይቆርጥና የተረፈውን ነው የምትካፈሉት። በወር ክፍያ የሚደመጥ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከጫነው የሚሸጥ ነገር የለም፤ የሚመጣው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው፣ እሱም የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ነው። የት እንደሚሸጥ፣ ሽያጩን በምን እንደምታዪ፣ ድርሻሽ ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። መጽሐፉን በድምፅ የማውጣት መብቱንም ለአሳታሚው አሳልፎ ሰጥቶ እንደሆነ ጠይቂው።

ለናሙና ብለሽ ቴሌግራም ላይ የለቀቅሻቸውን የሌላ ደራሲ ምዕራፎች ግን ዛሬውኑ አጥፊያቸው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነገ ሥራ የሚሰጡሽም እነዚያው ደራሲዎች ናቸው።

ድምፄ ወፍራም ነው ብለሽ አትስጊ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ስሚው፤ ገጸ ባሕርያቱን እንዴት እንደሚለይ፣ የት ዝም እንደሚል ልብ በይ።

ውሉ ሲደርስሽ የክፍያውን አንቀጽ ቀድተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።