ለደጋ አጋዘን የትኛው ካሊበር?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጪው የአደን ወቅት ከሐዋሳ ተነሥተህ ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች በረዳት አዳኝነት ልትወጣ ነው። ከውጭ የሚመጣው ደንበኛችሁ ደግሞ ለደጋ አጋዘን ከ.308 ዊንቸስተር፣ ከ.30-06፣ ከ.300 ዊንቸስተር ማግነምና ከ.375 ኤች ኤንድ ኤች የትኛውን ካሊበር፣ ማለትም የትኛውን የጥይት ልክ የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ እንዲመጣ ጠይቋችኋል። እስካሁን ከመለሱልህ ሰዎች ብዙዎቹ «ትልቁን ይያዝ፤ አይቆጨውም» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አሥራ አራት ዓመት በዱካ ተከታይነትና በረዳትነት ሠርቼ ካየሁት ተነሥቼ የምመክርህ .30-06 ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ አዲስ .300 ማግነም፣ ማለትም ባሩዱ በዝቶ ጉልበቱ የበረታ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሲያዩት የሚያስጎመጅ ጠመንጃ ነበር። ካምፕ እንደደረስን ዒላማ ሲተኩስ ከጎኑ ቆሜ ነበርና ምላጩን ሊስብ ሲል ዐይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ሲያሸሽ አየሁት። ሦስቱ ጥይቶች ሦስት ቦታ አረፉ። ሰውየው በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ደንበኛም ነው፤ አፍሬ ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ከሸለቆው ማዶ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ዳር አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ወጥቶ ቆመ። ርቀቱ 200 ሜትር አይሞላም። ተኮሰ፤ ጥይቱ ሆዱን መታው። ደሙን ተከትለን በአስታው ውስጥ እየተሹለከለክን ዋልን። ማታ ዝናብ ጣለና ዱካውን አጠበው። በማግሥቱም ስንፈልግ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ያገኘነው ጅብ በልቶ የተወውን አጥንትና ቀንዱን ብቻ ነው። ይህ እንስሳ ከእኛ ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ያን ዕለት ዝም በማለቴ የተሰማኝ ጸጸት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጥፋቱ የማግነሙ አይደለም፤ ሰውየው ጠመንጃውን ይፈራው ነበር። ለመሆኑ ያ ሁሉ ጉልበት ምን ያተርፍለታል? 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም የሚመዝን አረር (ከጥይቱ ተነጥሎ የሚወነጨፈው ክፍል) ከ.30-06 አፈሙዝ በሴኮንድ 820 ሜትር ገደማ፣ ከ.300 ማግነም ደግሞ 900 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ጠመንጃዎች ለ200 ሜትር ተስተካክለው 300 ሜትር ላይ ቢተኮስባቸው የመጀመሪያው 25፣ ሁለተኛው 20 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ልዩነቱ አምስት ሴንቲሜትር ነው! የአንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ልብና ሳንባ ያረፈበት ቦታ ግን ከትልቅ ሳህን አያንስም። በተራራ ላይ አብዛኛው ተኩስ ደግሞ ከ300 ሜትር ወዲህ ነው። ለዚህች ልዩነት ሲባል ሰውን የሚያስበረግግ ጠመንጃ ማስያዝ አይታየኝም።

.375 ሲተኮስ ትከሻ የሚመታበት ኃይል ከ.30-06 እጥፍ ያህል ነው። እሱ የጎሽ ጠመንጃ ነው፤ በርካታ የአፍሪካ አገሮችም ለጎሽና ለዝሆን ከእሱ ያነሰ ካሊበር እንዳይያዝ ደንግገዋል። ደንበኛችሁ ጎሽ ሊያድን የሚሄድ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። .308 ከ.30-06 ብዙም አይርቅም፤ ቤቱ ያለውና እጁ የለመደው እሱ ከሆነ ሌላ አይግዛ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም ያላነሣው አረሩን ነው፤ እኔ ግን ከካሊበሩ አስቀድመዋለሁ። በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ እንስሳ በ.300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም ደጋግሞ መታው። እንስሳው ግን አልወደቀም። ጠመንጃው ጉልበት አላነሰውም፤ አረሩ ጭቃ በለበሰው ትከሻ ላይ እየፈረሰ ጠልቆ አልገባም እንጂ። ኖስለር ከዚያ በኋላ በመሐሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው፣ ፊቱ ሲከፈት ኋላው ሳይፈርስ የሚዘልቅ አረር ሠራ። ዛሬ እንዲህ ያለ ጠንካራ አረር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ደንበኛህን ካሊበሩን ብቻ ሳይሆን የአረሩን ዓይነትና ክብደትም ጠይቀው። ለ.30-06 ጠንካራ 180 ግሬን ይያዝ።

ከፍታውንም አትርሳ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጋዘኑን የምትፈልጉት ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ባሕር ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በረጅም ርቀት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል። አውሮፕላንና መኪናም የማነጣጠሪያ መነጽሩን ሊያናጋው ስለሚችል እዚያው ላይ እንደገና ሳይስተካከል አደን አትጀምሩ። ደግሞም ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው ጠመንጃው በማንኛውም ካሊበር ይዋዥቅበታል። ትንፋሹ እስኪመለስ አስቀምጡት፤ አጋዘኑ ካልተደናገጠ ጊዜ አላችሁ።

የጥይት አቅርቦትን በአጭሩ ልንገርህ። አንድ ጊዜ የደንበኛ ሻንጣ ከነጥይቱ በጉዞ ላይ ቀረ። ሰውየው ያመጣው ካሊበር እኛ ዘንድ የማይገኝ ስለነበር ያደነው በካምፑ .30-06 ነው።

ለደንበኛችሁ ስትጽፉለት ከመምጣቱ በፊት ጠረጴዛ ተደግፎ ሳይሆን በሦስት እግር ድጋፍ ቆሞና ተቀምጦ እንዲለማመድ ንገሩት። ካምፕ ስትደርሱ ደግሞ ዒላማ በሚተኩስበት ሰዓት አደኑን የሚመራው ፕሮፌሽናል አዳኝ ሳይነግረው አንድ ጊዜ ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ያቀብለው። ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ፣ ሰውየው ጠመንጃውን እየፈራው ነው። እኔ እንዳደረግሁት ዝም አትበል፤ በዚያው ሰዓት ለአዳኙ ንገረው፤ ቀለል ያለ ጠመንጃም ይሰጠው። ደንበኛው ቢቀየም ይቀየም፤ ማታ እሳት ዳር ትታረቃላችሁ።