ጥንቸሉን ተዪው፦ ስለ ሻምፑሽ የዓይን ምርመራ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት አየሁት። ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና በትንሹ ታመርቻለሽ። ጀርመን ያለ ገዢ «ዓይን እንደማይጎዳ የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት ላኪልኝ» አለሽ። አንድ የምታውቂው ሰው ደግሞ «ጥንቸል ገዝተሽ አስሞክሪ፣ ርካሽ ነው» ብሎ መክሮሻል። አንቺ የጠየቅሽው «ያለ ጥንቸል ይቻላል? እዚህ አገርስ የሚሠራበት መንገድ አለ?» ብለሽ ነው። ከሥር የተጻፉትን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ «ጥንቸል ግዴታ ነው» ይላሉ። ልክ አይደለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተምሬ ነው የወጣሁት። ላለፉት 11 ዓመታት ሜሪላንድ ውስጥ በምርመራ ላብራቶሪ እሠራለሁ። ሻምፑ፣ ቀለም ማስለቀቂያ፣ ፀረ ተባይ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ፣ ሁሉም ይመጣልናል። ዓይን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን መርምረን እንመልሳለን። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድም ጥንቸል ነክቼ አላውቅም።

መጀመሪያ አንቺን በቀጥታ የሚነካሽን ልንገርሽ። ሻምፑሽን ጥንቸል ላይ ካስሞከርሽ የጀርመኑን ገበያ በገዛ እጅሽ ትዘጊዋለሽ። የአውሮፓ ኅብረት ያለቀለት መዋቢያ በእንስሳ ላይ እንዳይሞከር የከለከለው በ2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2009 ጥሬ ዕቃውንም ጨመረ። ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ደግሞ የመዋቢያ ሕጉን ለማሟላት ተብሎ በእንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ መሸጥ ሙሉ በሙሉ ክልክል ሆነ። «ሙከራው የተደረገው እኮ አዲስ አበባ ነው» ማለት አያድንሽም። በ2016 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ይህንኑ ጉዳይ አይቷል። ከአውሮፓ ውጪ የተደረገ ሙከራም ቢሆን፣ ውጤቱ ለዚያ ገበያ የደህንነት ማስረጃ ሆኖ ከቀረበ ክልከላው ይመለከተዋል ብሎ ወስኗል። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችሁ ጋ ለመላክ የምታስቡም ልብ በሉ፤ እነሱም በእንስሳ የተሞከረ መዋቢያ ወደ አገራቸው እንዳይገባ ከ2013 ጀምሮ ከልክለዋል።

አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። ሻምፑ በእነሱ ሕግ መዋቢያ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ግን መዋቢያ አይደለም፣ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ወረቀት አታዘጋጂ።

«ጥንቸል ግዴታ ነው» የሚለው ነገር ከምንም አልመጣም። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ነበር። የሴቶችን ዓይን አጠፋ፣ ሕይወቷ ያለፈም ነበረች። ያኔ መዋቢያን የሚቆጣጠር ሕግ አልነበረም። ሕጉ የወጣው በ1938 ነው። ከዚያ በ1944 ጆን ድሬዝ የሚባል የመንግሥት ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አሳተመ። ከነጭ ጥንቸል አንድ ዓይን ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ሌላው ዓይን ለማነጻጸሪያ ይቀራል። ከዚያ እስከ 21 ቀን ድረስ መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መደፍረሱ እየታየ ነጥብ ይሰጣል። ከ110 ነጥብ 80ው የኮርኒያ፣ ከዓይን ፊት ያለችው ግልጽ ሽፋን፣ ነው። የተነሱት ሰውን ለመጠበቅ መሆኑን አምናለሁ። እንስሳው ግን ያለ ማደንዘዣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሠቃየ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የምርመራ መመሪያ ማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ የጨመረው በ2012 ነው።

ሥቃዩ እንኳ ቢቀር ውጤቱ ራሱ አስተማማኝ አይደለም። የጥንቸል ኮርኒያ ከእኛ ይሳሳል። ጥንቸል ቶሎ ቶሎ አይጨፍንም፣ ዕንባውም ትንሽ ነው። በ1971 ዌይልና ስካላ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ኬሚካሎችን ከ20 ለሚበልጡ ላብራቶሪዎች ላኩ። አንዱ ላብራቶሪ «ክፉኛ ይጎዳል» ያለውን ሌላው «ምንም አይልም» አለ። ነጥቡን የሚሰጠው የሰው ዓይን ነው፣ ሰው ደግሞ ይለያያል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ የከብት ዓይን።

ጠዋት ከቄራ ዓይን ይመጣልናል። ከብቱ የታረደው ለሥጋው ነው፣ ዓይኑ ይጣል የነበረ ነው። ከፊት ያለችውን ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያ የምንላትን፣ የዓይን ባንክ ደግሞ የዓይን ብሌን የሚላትን፣ በጥንቃቄ ቆርጠን እናወጣለን። ጭረት ያለባትን እንጥላለን። ደፍረስ ያለችውንም እንጥላለን። ደህናዋን በሁለት ክፍል መያዣ መሃል እናስቀምጣታለን፤ ከፊቷም ከኋላዋም ፈሳሽ ይሞላል። 32 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ታርፋለች። ከዚያ ምን ያህል ብርሃን እንደምታሳልፍ እንለካለን።

ቀጥሎ የሚመረመረውን ነገር ከፊቷ እናደርጋለን። ፈሳሽ ከሆነ 10 ደቂቃ፣ ዱቄት ከሆነ በ20 በመቶ በጥብጠን 4 ሰዓት። ሻምፑና ሳሙና ውስጥ የሚገባ አረፋ ሰጪ ነገር ብዙ ጊዜ ወደ 10 በመቶ ይቀጥናል። ከታጠበ በኋላ ብርሃኑ እንደገና ይለካል። ኮርኒያዋ ከተጎዳች እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ትሆናለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ከፊቷ ተጨምሮ 90 ደቂቃ ይቆያል። ደህና ኮርኒያ ቀለሙን አታሳልፍም። የላይኛው ሽፋኗ ከተላጠ ግን ቀለሙ ወደ ኋላ ይሾልካል። መደፍረሷ የሚሰጠው ቁጥር ላይ፣ የሾለከው ቀለም ልኬት በ15 ተባዝቶ ይደመራል። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምደባ አያስፈልገውም፣ ማለትም ዓይን የሚጎዳ ተብሎ አይፈረጅም። ከ55 በላይ ከሆነ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። በመሃል ያለው በዚህ ዘዴ ብቻ አይፈረድም፣ ሌላ ምርመራ ይጨመርበታል። የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 437 ይኸው ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ።

ለሳሙና ሠሪ የምነግረው አንድ ነገር አለ። አረፋ ሰጪ ነገሮች ኮርኒያን ብዙ ሳያደፈርሱ ሽፋኗን ያሳሳሉ። ዓይኗ ንጹሕ ትመስላለች፣ ቀለሙ ግን ይሾልካል። ስለዚህ «አልደፈረሰም፣ ደህና ነው» ብሎ የሚጽፍልሽ ሰው ካለ ሁለተኛውን ቁጥር ጠይቂው።

አንድ ገጠመኝም ልጨምር። በሁለተኛ ዓመቴ አንድ ቀን ውሃ ብቻ የነካቸው ማነጻጸሪያ ኮርኒያዎች ደፈረሱብን። የደንበኛው ናሙና ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጠ። ደንበኛው በማግስቱ ውጤት ይጠብቃል። አንድ የሥራ ባልደረባ «ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ እንለፈው» አለ። አላለፍነውም። ስንፈትሽ ዓይኖቹ ሲመጡ በረዶውን በቀጥታ ነክተው ነበር፣ ጠርዛቸው ቀዝቅዞ ተጎድቷል። የቀኑን ሥራ በሙሉ ጣልነው። ቢታለፍ ኖሮ የዚያ ሰው ምርት ላይ የማይገባው ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ ነበር። በተቃራኒው ቢሆንማ የአንድ ልጅ ዓይን ነበር የሚጠፋው። ዓይኑ በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ በረዶውን ግን አይንካ።

ለሻምፑ ግን የምመርጥልሽ ሌላውን ነው። የከብት ዓይን ክፉውን ነገር ለመለየት ጎበዝ ነው፣ ለስላሳውን ከለስላሳ ለማበላለጥ ግን ይቸገራል። ለዚያ ከሰው ህዋስ የተሠራ ትንሽ ሽፋን አለ። ህዋሱ በጽዋ መሳይ ነገር ላይ ተነባብሮ ያድግና የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ይመስላል። ኤፒኦኩላር የሚባለው በብዛት የሚሠራበት ነው። መመሪያው ቁጥር 492 ነው፣ ከ2015 ጀምሮ። ናሙናው ለተወሰነ ጊዜ ይፈስበታል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ነገር ይሰጠዋል። በሕይወት ያለ ህዋስ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጠዋል፣ የሞተ አይለውጠውም። በሕይወት የቀረው ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ አይመደብም። ለሻምፑ ደግሞ ሰዓቱን እንቆጥራለን። ግማሹ ህዋስ እስኪሞት ስንት ደቂቃ ፈጀ? የሕፃን ሻምፑ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ጠንካራው ቶሎ ይገድላል። ሁለት አቀማመሞችሽን ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ምርትሽ ጠቆር ያለ ቀለም ካለው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንድ ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የፀጉር ማጠቢያ መጣልን። ህዋሱ ሁሉ በሕይወት ያለ መሰለ። ለካ ሽፋኑን ያቀለመው ምርቱ ራሱ ነበር። ሆን ተብሎ አስቀድሞ በተገደለ ሽፋን ላይ ስንሞክረው እውነቱ ወጣ።

ሌላም አለ። እነዚህ ምርመራዎች ጉዳትን ነው የሚለኩት። መቆጥቆጥን አይለኩም፣ ነርቭ የላቸውማ። ስለዚህ በውጤቱ ተመርኩዘሽ «ሕፃን አያስለቅስም» ብለሽ ጠርሙሱ ላይ አትጻፊ።

አሁን ገንዘብ ሳታወጪ የምትጀምሪውን ልንገርሽ። ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱንና የአልካሊነቱን ልክ፣ ለኪ። 2 እና ከዚያ በታች ወይም 11.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንቡ ዓይንን ክፉኛ እንደሚጎዳ ነው የሚቆጠረው፣ ወደ ላብራቶሪ መላኩም ትርፍ የለውም። በተለይ ኮስቲክ ሶዳ የሚነካው ነገር ያስፈራኛል። አሲድ የዓይኑን ፕሮቲን ያረጋውና ያው የረጋው ነገር ትንሽ ይከልለዋል። ኮስቲክ ሶዳ ግን ስብን ሳሙና ሲያደርገው በየቀኑ የምታዪውን ሥራ የህዋሱ ስብ ላይም ይሠራል፣ እየሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የምታሠሪያቸው ልጆች መነጽር ያድርጉ። ዓይናቸው ከነካቸው ሳይውሉ ሳያድሩ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠብሽ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

ቀጥሎ የጥሬ ዕቃሽን የደህንነት መረጃ ወረቀት ከአስመጪው ተቀበዪ። አረፋ ሰጪዎቹ ቴክሳፖኑና ሰልፎኒክ አሲዱ፣ ማቆያው፣ ሽቶው፣ ሁሉም ወረቀት አለው። ለዕቃ ማጠቢያው የዓለም አቀፉ ምደባ ደንብ በስሌት ይሠራል። ክፉኛ ይጎዳሉ የተባሉት ሲደመሩ 3 በመቶ ከደረሱ፣ ሌላ ማስረጃ ከሌለሽ ምርቱ ራሱ «ክፉኛ ይጎዳል» ይባላል። ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ከሆነ «ዓይን ያስቆጣል» ይባላል። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል፣ አምራቾች በላብራቶሪ የሚያስመረምሩትም ለዚሁ ነው። ለሻምፑው ደግሞ ገዢሽን «የደህንነት ሪፖርቱን የሚጽፈው ባለሙያ የትኛውን ምርመራ ይፈልጋል?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። ባለሙያው በጥሬ ዕቃው መረጃ ብቻ ሊረካ ይችላል። ከዚህ በፊት ሳይጠይቁ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ አምራቾች ገጥመውኛል።

«እዚህ አገር ይሠራል ወይ?» ላልሽው ደግሞ ሁለት መልስ አለኝ። ለገዢው የሚላከው ውጤት በመልካም የላብራቶሪ አሠራር ከተመሰከረለት ላብራቶሪ ቢወጣ ይሻላል፣ እሱን ውጪ ላኪው። ለራስሽ ማሻሻያ ግን አገር ቤት ብዙ መሥራት ይቻላል። የእንቁላል ዘዴ አለ። 9 ቀን የታቀፈ እንቁላል ቅርፊቱ ይከፈትና ከውስጥ ያለው ደም ሥራም ሽፋን ላይ ናሙናው ይደረጋል። ለ300 ሰከንድ ትመለከቻለሽ። ደም መፍሰስ፣ የደም ሥር መጥፋት፣ መርጋት መቼ እንደጀመረ ይመዘገባል፣ ከ21 ነጥብ ይሰላል። የሚያስፈልገው ማቀፊያ፣ ጨው ውሃ፣ ሰዓትና የሠለጠነ ዓይን ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ለም (ጫጩት ሊወጣው የሚችል) እንቁላል አይጠፋም።

የከብት ዓይኑንም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቢይዙት ደስ ይለኛል። ከብት ሞልቶናል። ሁለት ነገር ግን ይታሰብበት። መመሪያው የሚፈልገው የወጣት ከብት ዓይን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች። የእኛ በሬ ደግሞ አርሶ አርሶ ሲደክም ነው ቄራ የሚገባው። የሸመገለ ከብት ኮርኒያ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ ከቄራው ጋር በዕድሜ ለይቶ መስማማት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ዕርድ ይቀንሳል። የዓመቱ የሥራ ዕቅድ ይህን ይዞ መነሳት አለበት።

እህቴ፣ የሻምፑሽን ፒኤችና የቴክሳፖኑን መጠን በመቶኛ እዚሁ ከሥር ጻፊልኝ። ማቆያውም ምን እንደሆነ ጨምሪበት። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።